ስህተት ሰው የማይጎዳበትን መድረክ የሠሩት የወይዘሮ «ተጠንቀቅ» የሕይወት ታሪክ

«እማ፣ መብራቱን ጥፋ ያለው ማነው?»

ይህን የጠየቁት በ1986 ዓ.ም.፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቲያትር ባዩበት ቀን ነው። እናታቸው ልብስ የምታጥብበትና የምትተኩስበት ሆቴል ለሠራተኞቹ የመግቢያ ወረቀት ሰጥቶ ነበር። ሕዝቡ ሲስቅና ሲያጨበጭብ እሳቸው ተዋንያኑን ትተው ጣሪያውን፣ የመጋረጃውን ጠርዝና ከመጋረጃው ሥር ብቅ ጥልቅ የሚል አንድ ጥቁር ጫማ ሲመለከቱ ቆዩ። በድንገት አዳራሹ ድርግም ሲል ሌሎች ልጆች ጮኹ፤ እሳቸው የእናታቸውን እጅ ይዘው ያንን ጥያቄ ጠየቁ። እናታቸው መልሱን አታውቅም ነበር። «ራሱ ነው የጠፋው፤ ዝም ብለሽ እይ» አለቻቸው። ራሱ እንዳልጠፋ ግን እሳቸው ያኔውኑ ገብቷቸዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ያቺው እናት ናት። ቤት ውስጥ «አንቺ» ብላ ያሳደገቻትን ልጅ በሰው ፊት «እሳቸው» ብላ መጻፍ እጇን ከብዶታል። የሠሩት ሥራ ግን ይህን ክብር የሚያሰጥ ነው።

የተወለዱት በ1979 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ቤታቸውም ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሞተሮቹ ሲነሱ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ለወላጆቻቸው አንድ ልጅ ነበሩ። አባታቸው አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲያስገቡ ከግቢው በር ላይ ቆመው «ና፣ ና፣ ና፣ ቁም!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አባትየውም ለባልደረቦቻቸው «የኋላ ማያ መስታወቱ ቢሰበር ግድ የለኝም፤ ልጄ ከታመመች ግን መኪና አላስገባም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኚህ አባት በ1995 ዓ.ም. በድንገት አረፉ፤ ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1997 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር አጥንተው በ2000 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። መጀመሪያ የተቀጠሩት ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የቲያትር ቤቱ የትኬት ክፍል ኮምፒውተር ተበላሽቶ እንዲጠግኑ ተላኩ። ጠግነው ሲጨርሱ ከጀርባ ልምምድ እንዳለ ሰሙና «ትንሽ ልይ?» ብለው ገቡ። ሱቁ የት እንደደረሱ ሲጠይቅ ዋለ። ለአንድ ሰዓት ሥራ ሄደው ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው ቀሩ።

የመድረክ አስተዳዳሪ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እናታቸውም አታውቅም ነበር። ተመልካች የማያየው ሰው ነው። ከመድረኩ ጎን በአንዲት ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ መብራቱን፣ ድምፁን፣ መጋረጃውንና ከላይ በገመድ የሚወርደውን ዕቃ ሁሉ በቃሉ ያንቀሳቅሳል። መጀመሪያ «ተጠንቀቅ» ይላል። የሚመለከተው ሠራተኛ «ዝግጁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ትዕዛዙ ይከተላል። ትዕዛዙ አንዴ ከአፍ ከወጣ ማንም አይጠይቅም፤ እጅ ወዲያው ይሠራል። እሳቸው በ2002 ዓ.ም. በዚህ ሥራ ሲመደቡ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ተጠንቀቅ» የሚል ስም አወጡላቸው። እናታቸው ስሙን ስትሰማ ተቆጥታ፣ «እኔ ይህን ቃል የማውቀው ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ፣ ከራስ ቅል ሥዕል በላይ ተጽፎ ነው። ምን አድርገሻቸው ነው?» ብላቸዋለች። እሳቸው በሳቅ ፈረሱ። ስሙም ጸድቆ ቀረ።

በ2004 ዓ.ም. ከቲያትር ቤቱ የድምፅ ባለሙያ ጋር ትዳር መሠረቱ። በጆሮ ማዳመጫው ከሥራ ትዕዛዝ በቀር ምንም ማውራት ክልክል ነበር፤ ባለቤታቸው በሠርጉ ዕለት ለእንግዶች፣ «ስድስት ወር ሙሉ ዝግጁ ነኝ ስላት ነበር፤ እሷ ድምፁን የምለው መስሏታል» ብለው ሁሉንም አስቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. የደረሰውን ሳይናገሩ የእሳቸውን ሥራ መናገር አይቻልም።

በዚያን ጊዜ በሚታየው ተውኔት ውስጥ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ የመጨረሻ ቃሏን ትናገራለች። መብራት ይጠፋል። ተዋናይቷ በጨለማ ተነሥታ ትወጣለች፤ ሁሉም «አጎቴ» የሚሏቸው አንጋፋ የመድረክ ሠራተኛ ገብተው ወንበሩን ያነሣሉ፤ እሳቸው ሲወጡ ከላይ ከባድ የእንጨት ግድግዳ ይወርዳል። በዚያ ምሽት ትዕዛዙን የምትሰጠው በሥልጠና ላይ የነበረች አንዲት ጀማሪ ነበረች። አስተማሪዋ ወይዘሮ ተጠንቀቅ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ተዋናይቷ የዚያን ዕለት እውነተኛ ልቅሶ መጥቶባት ከወንበሩ ለመነሣት ዘገየች። ጨለማውን አሳልፋ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን ከጀማሪዋ ፊት ነበረች፤ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። በየልምምዱ የለመደችውን ያህል ቆጥራ «ግድግዳ፣ አውርድ» አለች። መምህሯ «ቁም» ከማለታቸው በፊት ቃሉ ወጥቶ ነበር። አጎቴ ተዋናይቷን ገፍትረው አዳኗት፤ የእሳቸው ግራ እግር ግን ከግድግዳው ሥር ቀረ።

እግሩ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን አልተረፉም። ጀማሪዋ የጆሮ ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ወይዘሮ ተጠንቀቅ ቤቷ ድረስ ሄደው ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ «ሁለተኛ ለማንም ትዕዛዝ አልሰጥም፤ ይቅርብኝ» አለቻቸው። እሳቸው የዚያን ዕለት እቤት ገብተው ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ለእናታቸው እንዲህ አሏት፤ «ልጅቷ ምን አጠፋች? ሐኪም በአሻንጉሊት ይማራል፤ ሹፌር በባዶ ሜዳ ይማራል። እኛ ነን በሰው ላይ የምንማረው። ያቺን ልጅ ሳልመልስ አላርፍም።»

ሥራቸው ከዚህ ቃል ተነሣ። ቀን ቲያትር ቤት እየዋሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የመድረክ አስተዳዳሪዎች የሚለማመዱበትን የማስመሰያ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመሩ። ሰልጣኙ ስክሪን ፊት ይቀመጣል፤ መድረኩን ከጎን ያያል፤ በጆሮው የመብራቱና የገመዱ ሠራተኞች «ዝግጁ» ሲሉ ይሰማል። ትዕዛዝ ሲሰጥ ስክሪኑ ላይ ያለው መብራት ይጠፋል፤ ግድግዳው ይወርዳል። ቢሳሳት ማንም አይጎዳም፤ እንደገና ይጀምራል። ድምፁን ሁሉ የቀዱት ባለቤታቸው ናቸው። አጎቴ ከሆስፒታል እንደወጡ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ከጎናቸው ቁጭ አሉ። በአርባ ዓመት ሥራ ያዩትን ብልሽት ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ እጀታው ተነቅሎ እጅ ላይ የሚቀር በር፣ መጸዳጃ ቤት ተቆልፎበት የቀረ ንጉሥ፣ የተጠላለፈ ገመድ። «ድመቷንም አስገቢ» ይሉ ነበር፤ «ድመት የማያቋርጠው መድረክ የት አለ?» ድመቷም ገባች። የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ግን፣ «ልጆቹን ጌም ልታጫውቻቸው ነው? ቲያትሩ ራሱ ውሸት፤ አንቺ ደግሞ የውሸት ውሸት!» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። «የውሸት ቲያትር» የሚለው ስም ከዚያ ወጣ፤ እሳቸውም አልተቀየሙትም።

በ2011 ዓ.ም. ሶፍትዌሩ አለቀ ተብሎ አራት ሰልጣኞች በቀለም መጋዘኑ ውስጥ፣ በባልዲዎች መካከል ተቀምጠው ተለማመዱበት። አራቱም ሙሉ ነጥብ አመጡ። ኃላፊውም ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ከአራቱ ጎበዝ የተባለው እውነተኛ ልምምድ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ግን፣ አንዱ ተዋናይ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አለ። ልጁ አልጠበቀውም። ተዋናዩ እጁን ሳያነሣ የማንኳኳቱ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ሳቁ፤ የተጎዳም የለም። ወይዘሮ ተጠንቀቅ ግን አልሳቁም። በሶፍትዌሩ ውስጥ የሠሯቸው ተዋንያን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚናገሩና የሚንቀሳቀሱ ስለነበሩ፣ ሰልጣኞቹ የለመዱት ሰውን ማየት ሳይሆን መቁጠር ነበር። እቤት ገብተው ላፕቶፑን ዘጉትና፣ «እማ፣ ያንኑ ስህተት ቁጭ ብዬ አስተማርኩት» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ለብዙ ቀን ሰው ማናገር አልፈለጉም። ባለቤታቸው ምግብ ይዘው ይገባሉ፤ ሳይነካ ይዘው ይወጣሉ።

እናታቸው በእሳቸው ውትወታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ለይታ ማንበብ ጀምራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነባለች። አንዱ ቃል ላይ ትቆማለች፤ ፊደሎቹን ታያቸዋለች፤ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ትቀጥላለች። ከወዲያኛው ክፍል ወይዘሮ ተጠንቀቅ ብድግ ብለው መጡ።

«እማ፣ እሱን እንደገና አንብቢው።»

«ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም። ዝም ብለሽ እንደገና።»

እንደገና ስታነብ የቆመችው ሌላ ቦታ ነበር። በሦስተኛውም ሌላ ቦታ። መቼ እንደምትናገር ፊቷን ካላዩ በቀር ማወቅ አይቻልም። ወይዘሮ ተጠንቀቅ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ላፕቶፑ ተመለሱ። ባል የሞተባትን ሴት ቃል እናታቸው ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ እየቆመች እንድታነብ አደረጉ፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ባለቤታቸው ከቁም ሣጥኑ አጠገብ አስቀምጠዋት ብርድ ልብስ ከላይ ደረቡባት። «እንደ ሊጥ ሸፈናችሁኝ እኮ!» ብትልም የሰማት አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ከእንግዲህ በሰዓት አትነሣም፤ ትተነፍሳለች፤ ቆም ትላለች፤ ተናግራ ስትጨርስም እንደ ጉልበቷ ትነሣለች። ሰልጣኙ ሰዓቱን ካየ ይሳሳታል፤ እሷን ካየ ያልፋል።

ሰልጣኞቹ «አሮጊቷ» ብለው ጠሯት። ከመጋዘኑ ውስጥ «ተናገሪ እንጂ እናቴ!» እና «ይቺ አሮጊት ሳትገድለን አትቀርም!» የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር። በአሮጊቷ ያለፈ ሁሉ ግን እውነተኛው መድረክ ላይ ሲቀመጥ ተዋናዩን ያይ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሌሎች ቲያትር ቤቶችና የተውኔት ትምህርት ቤቶች ሶፍትዌሩን ወሰዱት። ያፌዙ የነበሩት ኃላፊም ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያልገባኝ እኔ ነበርኩ» ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጥተዋቸዋል። ወረቀቱን ልጃቸው አውሮፕላን ሠርቶበታል፤ እሳቸውም ምንም አላሉትም። እሳቸው የሚጠብቁት አንድ ሰው ነበር።

ጀማሪዋ በአንድ የጫማ መደብር ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሰው ቢላክባት አልመጣም ትላለች። በመጨረሻ አጎቴ ራሳቸው በከዘራቸው እየተደገፉ መደብሩ ገቡ። «ቀኙን በቁጥሩ፣ ግራውን አጠር አድርገሽ ስጪኝ፤ ግራውን እንኳ መጠኑን ታውቂዋለሽ» አሏት። ልጅቷ ሳጥኖቹ መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ። ጫማውን ግን ሸጠችላቸው እንጂ አልተከተለቻቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ወይዘሮ ተጠንቀቅ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሕክምናው ያልተሞከረበት መንገድ አልነበረም። ባለቤታቸው ሥራቸውን ቀንሰው አስታመሟቸው። እናታቸው የምትተኛው በአልጋቸው እግርጌ ነበር፤ ትንፋሻቸው ሲረዝም ትነሣለች፣ ሲያጥርም ትነሣለች። እሳቸው ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከቻሉ ድረስ ያርሙ ነበር። ሐኪሙ «ይረፉ» ሲሏቸው፣ «የምጠብቃት ልጅ አለች» ይሉ ነበር፤ ሐኪሙ የወለዷትን ልጅ የሚሉ መስሏቸው ከዚያ ወዲያ አልከለከሏቸውም።

ዘንድሮ የፀደዩ ወራት ሲያልቁ፣ አጎቴ ወሬውን ለጀማሪዋ ነገሯት። በማግሥቱ ከነሥራ ልብሷ መጣች። እናትየው በሩን ከፍታ «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» ስትላት ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ደንግጣ ቆመች። ለካ ከሰው ተደብቃ፣ ከአንድ ሰልጣኝ ተውሳ ሶፍትዌሩን ሞክራው ኖሯል።

«እርስዎ ነዎት እንዴ አሮጊቷ?» አለች።

ከአልጋው ላይ ሳቅ ተሰማ። በዚያ ወር የተሰማው ሳቅ እሱ ብቻ ነበር።

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተችው። የመብራቱን ትዕዛዝ በትክክል ሰጠች። ከዚያ ሴትየዋ ሳትነሣ «አውርድ» አለች፤ የስክሪኑ ግድግዳ ወረደ። «አያችሁ? አልችልም» ብላ ልትነሣ ስትል ወይዘሮ ተጠንቀቅ እጅጌዋን ያዟት። «እንደገና» አሏት። ሁለተኛም ወረደ። «ምንም አልሆነም። የተጎዳ ሰው አለ? የለም። እንደገና።» ድምፃቸው እየደከመ፣ «ሰዓቱን አትይው የኔ እህት፤ እሷን እያት» አሏት። ልጅቷ ስክሪኑን ትታ አንገቷን ቀና አድርጋ አጠገቧ የተቀመጠችውን እናት አየቻት፤ ከዚያ መልሳ ስክሪኑን አየች። ጠበቀች። ሴትየዋ ተነፈሰች፣ ቆም አለች፣ ተነሣች፣ ወጣች፤ ወንበሩ ተነሣ። «ግድግዳ፣ አውርድ።» ማንም የለበትም ነበር። ወይዘሮ ተጠንቀቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና የተኙ መሰለን። «ነገም ነይ» አሉ።

በየቀኑ መጣች። ያ ተውኔት ዘንድሮ እንደገና እንዲታይ ተወስኖ ነበርና፣ ኃላፊው በእሳቸው ልመና የመጀመሪያውን ምሽት ለእሷ ሰጧት። እሳቸው ከጎኗ ሊቀመጡ ቃል ገብተው ነበር። ባለቤታቸው ተሽከርካሪ ወንበር አዘጋጅተው፣ ከመድረኩ ጎን ያለውን ደረጃ በሳንቃ ደልድለውት ነበር። ቃላቸውን ለመፈጸም ግን አልታደሉም። ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ እናታቸው እግራቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በ37 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እናታቸው ቀጣዩን ትንፋሽ ብዙ ጠበቀች።

ቀደም ብለው «በእኔ ምክንያት ትርኢት እንዳይሰረዝ» ብለው ስለተናዘዙ፣ የዛሬው የመጀመሪያ ምሽት ትርኢት አልተሰረዘም። ጀማሪዋ ግን ትናንት ለቅሶ ቤት መጥታ የጆሮ ማዳመጫውን እናትየው ጭን ላይ አስቀመጠች። «እሷ ከጎኔ ሳትኖር አልችልም። ሌላ ሰው ይቀመጥ» አለች። በዚህ ጊዜ አጎቴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው፣ «ስሚ አንቺ ልጅ» አሏት፤ «ነገ ማታ ወንበሩን የማነሣው እኔ ነኝ። አንቺ ካልተቀመጥሽ እኔ ከዚያ ግድግዳ ሥር አልገባም። ሌላ ሰው አላምንም።» ልጅቷ ማዳመጫውን ከእናትየው ጭን አንሥታ፣ ገመዱን ጠቅልላ ወጣች።

ወይዘሮ ተጠንቀቅ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና የአሥር ዓመት ወንድ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። የት እንዳሉ የማናውቃቸው፣ በስም እንኳ የማያውቋቸው፣ በእሳቸው ሥራ ምክንያት እጅና እግራቸው የሚተርፍላቸው የመድረክ ሠራተኞችም አሉ። በሕመማቸው ወራት ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰባቸው ያመሰግናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ልጃቸውን ያሳድግልን፤ ባለቤታቸውን ያጽናልን።

ጀማሪዋን ከመካከላችን ብታጧት አትቀየሟት። ትርኢት ባለበት ቀን ግድግዳው በገመድ እየወጣና እየወረደ ይፈተሻል፤ በዚያን ጊዜ የመድረክ አስተዳዳሪ ቦታዋን አትለቅም። ይህ በሚነበብበት ሰዓት እሷ እዚያ ናት።

እሷ ቦታዋ ላይ ቀርታለች። ልጄ ሄዳለች።